«መኪና ያስገባል»፦ ውል ላይ የማትጻፈው ሁለተኛዋ ኪራይ

«ባለ ሁለት መኝታ፣ 3ኛ ፎቅ፣ የራሱ ቆጣሪ ያለው፣ ውሃ የማይጠፋበት፣ መኪና ያስገባል።»

የቤት ኪራይ ማስታወቂያ የሚለጠፍባቸውን ቻናሎች የሚከታተል የአዲስ አበባ ሰው የመጨረሻዋን ሐረግ ሳያውቃት አይቀርም። ሁለት ቃል ብቻ ናት፤ ግን በከተማው የኪራይ ገበያ ውስጥ ብዙ ገንዘብ ታንቀሳቅሳለች። የቤቱን ዋጋ ከፍ ታደርጋለች። ደላላው ኮሚሽኑን የሚያሰላው እሷ ከፍ ባደረገችው ዋጋ ላይ ነው። አከራይም በስልክ ደጋግሞ ይጠራታል። ውል ሲጻፍ ግን ትጠፋለች። እኔ ባየኋቸው ውሎች ላይ የቤቱ ቁጥር አለ፣ የክፍሉ ብዛት አለ፣ የኪራዩ መጠን አለ። መኪናዋ የት እንደምታድር የሚናገር አንድ መስመር የለም።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህች ሐረግ ነው። መከራከሪያዬ አጭር ነው፦ የመኪና ማደሪያ በውል እስካልተጻፈ ድረስ የቤት ኪራይ ቁጥጥራችን ግማሽ ቁጥጥር ነው። አከራይ በበሩ የተከለከለውን በግቢው ያገኘዋል። ተከራይ በአዋጅ ያገኘውን በፓርኪንግ ያጣዋል።

አራት ትርጉም ያላት ሐረግ

ባለፉት ወራት ቤት ስፈልግ ነበር። በየሰፈሩ ከደላላ ጋር ዞሬያለሁ። በዚህ ዙረት «መኪና ያስገባል» ቢያንስ አራት ትርጉም እንዳላት ተረድቻለሁ።

አንደኛው ትርጉም «በሩ ሰፊ ነው» ማለት ነው። መኪናው በበሩ ያልፋል፤ ይኸው ነው። ከገባ በኋላ የት ይቆማል ሲባል አከራዩ ወደ ራሱ መኪና ይመለከታል። የአከራዩ መኪና፣ የልጁ መኪና፣ ቅዳሜና እሑድ የሚመጣው የወንድሙ መኪና ቦታቸውን ከያዙ በኋላ የሚተርፍ ካለ ይገባል።

ሁለተኛው ትርጉም «ቀድሞ የገባ ያቆማል» ማለት ነው። ግቢው ሦስት መኪና ይይዛል፤ የተከራዮቹ መኪና ግን አምስት ነው። ለአምስቱም «መኪና ያስገባል» ተብሏቸዋል። አምስቱም በዚያ ዋጋ ነው የገቡት። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ የሚመጣ ሰው ሰፈር ውስጥ ይዞራል። ጠዋት 12 ሰዓት የሚወጣው ደግሞ ከኋላው የዘጋውን ጎረቤት በር ያንኳኳል። ከጎረቤት ጋር የተጣላችሁበትን ምክንያት ብትቆጥሩ ግማሹ ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ትርጉም «ቦታው አለ፣ ዋጋው ሌላ ነው» የሚለው ነው። ይህ የሚነገራችሁ በአብዛኛው ቀብድ ከሰጣችሁ በኋላ ነው።

አራተኛው ትርጉም «ውጭ ጥበቃ አለ» ማለት ነው። መኪናችሁ ግቢ አይገባም፤ መንገድ ላይ ቆማ ታድራለች፤ በየወሩ ለጥበቃው ትከፍላላችሁ። ጠዋት ስፖኪዮ ወይም ፍሬቻ ከጠፋ ጥበቃው «እኔ እስከ 9 ሰዓት ድረስ አይቻለሁ፣ ነበረ» ይላችኋል። ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ደረሰኝ የለ፣ ውል የለ፣ ተጠያቂ የለ።

አራቱም ትርጉሞች የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ። በማስታወቂያው ላይ ተከራዩ የከፈለበት ነገር ናቸው፤ በውሉ ላይ ግን የሉም።

«መኪና ያለው ሰው ምን ይጎድለዋል?»

ይህን ጉዳይ ባነሳሁ ቁጥር የሚመጣው መልስ ይታወቃል። «ሰው መጠለያ አጥቶ አንተ ስለ መኪና ታወራለህ?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስለዚህ በተገቢው መንገድ ልመልስ።

በዚህ ከተማ መኪና የሚያሽከረክር ሁሉ ባለጸጋ ነው የሚለው ግምት ድሮ ያለፈበት ነው። በራይድ፣ በፈረስ እና በመሳሰሉት የሚሠሩትን ሹፌሮች አስቡ። ብዙዎቹ ተከራይ ናቸው። መኪናዋን የገዟት በዕቁብ፣ በብድር፣ ከዘመድ በተሰበሰበ ገንዘብ ነው። መኪናዋ ለእነሱ ሱቃቸው ናት። ባለሱቅ ማታ ሱቁን ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ይተኛል። የሹፌሩ ሱቅ ግን ውጭ ያድራል። ባትሪዋ ከተሰረቀ ነገ ገበያ የለም፤ ነገ ገበያ ከሌለ የወሩ ኪራይ የለም። ለዚህ ነው አንዳንዱ ሹፌር ቤት ተከራይቶ መኪናው ውስጥ የሚተኛው። ሁለት ማደሪያ እየከፈለ አንዱ ውስጥም በሰላም አያድርም።

ሌላም አለ። ማታ ሥራ ጨርሳ የምትገባ ሴት መኪናዋን ነዳጅ ማደያ ግቢ ውስጥ አቁማ ሩብ ሰዓት በእግሯ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። መኪና የገዛችው ያንን የሌሊት መንገድ ለመሸሽ ነበር። እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ደግሞ መኪናው ደጁ ላይ ካልቆመች መኪና ቢኖረው ባይኖረው ለውጥ የለውም።

በኪራይ መወደድና በመልሶ ማልማት ምክንያት ሰው ከመሃል ከተማ ወደ ዳር እየሄደ ነው። ትናንት ካዛንቺስ ወይም ፒያሳ ሆኖ በእግሩ ሥራ ይገባ የነበረ ሰው ዛሬ ዳር ወጥቶ ሁለት ታክሲ ይቀያይራል። በሰልፍ የተማረረው አሮጌ መኪና ይገዛል። ስለዚህ መኪናውን ያመጣው ድሎት ብቻ አይደለም፤ ርቀትም ነው።

ደግሞም ሥርዓት የሌለው ፓርኪንግ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው መኪና የሌለውን ነው። ለልጆች መጫወቻ የታሰበው ባዶ ቦታ በመኪና ይሞላል። አረጋውያን የሚሄዱበት የእግረኛ መንገድ ይዘጋል። በሁለት ብሎኮች መካከል ያለው መተላለፊያ በቆሙ መኪኖች ሲጠብ፣ አምቡላንስ ወይም የእሳት አደጋ መኪና ሌሊት ቢጠራ በየት በኩል ይግባ? ባለመኪናው በየወሩ በብር ይከፍላል። መኪና የሌለው ግን አንድ ክፉ ሌሊት በሕይወቱ ሊከፍል ይችላል።

አዋጁ የዘጋው በር፣ ክፍት የቀረው መስኮት

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የጸደቀው በመጋቢት 2016 ዓ.ም ነው። ብዙ ሰው ተችቶታል። እኔ ግን ከደጋፊዎቹ ወገን ነኝ። የውል ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አድርጓል። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ወስኗል። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን እንዲሆን ደንግጓል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም አስገድዷል። «በሚቀጥለው ወር አምስት ሺህ ጨምር፣ አለበለዚያ ልቀቅ» ለለመደ ገበያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ቁጥጥሩ የቆመው «ኪራይ» ተብሎ በተጻፈው ቁጥር ላይ ነው። «ፓርኪንግ» ተብሎ በእጅ የሚከፈለው ገንዘብ ማንም ሳያየው በጎን ያልፋል።

በምሳሌ ላሳይ። እንበልና ኪራዩ 25,000 ብር ነው። ፓርኪንግ ደግሞ 2,000 ብር በእጅ ይከፈላል። ተከራዩ በወር በድምሩ 27,000 ብር ያወጣል። ለዓመቱ የተፈቀደው ጭማሪ ለምሳሌ 10 በመቶ ቢሆን ኪራዩ 27,500 ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሕጋዊ ነው። አከራዩ ግን በዚያው ሳምንት «ፓርኪንግ 5,000 ገብቷል» ይላል። አሁን ድምሩ 32,500 ሆነ። በወረቀት ላይ ጭማሪው 10 በመቶ ነው፤ በተከራዩ ኪስ ላይ ግን ከ20 በመቶ በላይ ነው። ተከራዩ ወረዳ ሄዶ ቢያመለክት የሚያሳየው ነገር የለውም። ባንክ ውስጥ ያለው 27,500 ብቻ ነው። ቀሪው 5,000 ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ግብር፣ ያለ ምስክር ሄዷል።

ከገንዘቡ የከፋም አለ። አዋጁ አከራይ ተከራዩን ከሁለት ዓመት በፊት እንደፈለገ እንዳያስወጣ ከልክሏል። ይሁን እንጂ ፓርኪንጉን መከልከል ይችላል። «ከነገ ጀምሮ ወንድሜ ከውጭ ስለሚመጣ ቦታው ይፈለጋል» ማለት ይበቃል። በመኪናው የሚተዳደር ሰው ስንት ሌሊት መንገድ ላይ ያሳድራል? በሁለተኛው ወር ራሱ ዕቃውን ጭኖ ይወጣል። ውሉ አልፈረሰም፣ አከራዩ አላስወጣም፣ ሕግ አልተጣሰም። ሰውዬው ግን ወጥቷል። ይህ ሳያስወጡ ማስወጣት ነው።

«ባለቤት ነህ ተከራይ?»

ወደ ኮንዶሚኒየም እንምጣ። አብዛኛው መካከለኛ ገቢ ያለው ተከራይ ያለው እዚያ ነው።

የ20/80 ቤቶች ሲነደፉ የታሰቡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላለው ነዋሪ ነበር። ያ ነዋሪ መኪና ይኖረዋል ተብሎ በሰፊው አልታሰበም። ዛሬ ግን በብዙ ብሎክ ባለዕጣው ቤቱን አከራይቶ ሌላ ቦታ ይኖራል። ቤቱ ውስጥ ያለው ተከራይ ነው፤ ተከራዩም መኪና አለው። ቦታው ጠባብ፣ መኪናው ብዙ ሆነ። በጥበቱ ላይ የሚወስነው ደግሞ ኮሚቴ ነው።

እኔ ቤት ለማየት ከሄድኩባቸው ሳይቶች በአንዱ፣ ከቀብድ በፊት የኮሚቴ ሰብሳቢውን ልጠይቅ ብዬ ሄድኩ። አዛውንት ናቸው፤ በጨዋነት ተቀበሉኝ።

«ባለቤት ነህ ተከራይ?» አሉኝ።

«ተከራይ ልሆን ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ የፓርኪንግ ስቲከር የሚሰጠው ለባለቤት ነው።»

«ባለቤቷ እኮ ውጭ አገር ናት። መኪናም የላትም።»

«ቢሆንም ድርሻው የእሷ ነው።»

«እኔ የምከራየው የእሷን ድርሻ አይደል እንዴ?»

ትንሽ አሰብ አደረጉና «እሱን ከእሷ ጋር ጨርሱ። ካልሆነ ግን ቦታ የማይጠቀሙ አሉ፤ በወር የምታስብ ከሆነ እናገናኝሃለን» አሉኝ።

እኚህ ሰው ክፉ አይደሉም። ያለ ደመወዝ የሰፈር ጣጣ የተሸከሙ ሰው ናቸው። የነገሩኝ አሠራር ግን ከሥሩ የተጣመመ ነው። አንድ ቤት ድርሻ አለው፤ የቤቱ ነዋሪ ግን ድርሻ የለውም። ያ ድርሻ ባዶ ሆኖ አይቀመጥም፤ ለሌላ ሰው በብር ይተላለፋል። ባለቤቷ ባህር ማዶ ሆና አታውቅም። ተከራዩ ያውቃል፤ ግን አይመለከትህም ተብሏል።

የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ሕንፃውን በሁለት ይከፍለዋል፦ የግል ቤትና የጋራ መጠቀሚያ። የጋራ መጠቀሚያው የሁሉም ቤት ባለቤቶች ነው። ማኅበሩ ያስተዳድረዋል እንጂ የኮሚቴው ንብረት አይደለም። ደረጃውም የጋራ መጠቀሚያ ነው፤ ኮሪደሩም፣ ጣሪያውም። ተከራይ ደረጃ ለመውጣት ስቲከር ተጠይቆ አያውቅም። ቤቱን የተከራየ ሰው ደረጃውን አብሮ ተከራይቷል ብለን ሁላችንም እንቀበላለን። ታዲያ ከደረጃው ሥር ያለው አስፋልት ላይ ሲደርስ ሕጉ ለምን ይቀየራል?

የጥበቃና የጽዳት መዋጮ ሲሰበሰብ «አንተ ተከራይ ነህ፣ አይመለከትህም» የሚል ኮሚቴ ደግሞ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ምድር ቤቱ የት ሄደ?

ወደ ግል አፓርታማዎች ስንሄድ ችግሩ መልኩን ይቀይራል። ሕንፃ ሲሠራ ፕላን ቀርቦ የግንባታ ፈቃድ ይወጣል። ፕላኑ ላይ ምድር ቤቱ ፓርኪንግ ነው፤ ማስገቢያ መወጣጫው፣ የመኪናው መስመር ሁሉ ተስሏል። ሕንፃው ሲያልቅ ግን ምድር ቤቱ መጋዘን ይሆናል፣ ስፖርት ቤት ይሆናል፣ ሱቅ ይሆናል። መኪናዎቹ መንገድ ላይ ይወጣሉ። የከተማ አስተዳደሩ ለፓርኪንግ የተፈቀደ ምድር ቤት ለሌላ አገልግሎት ያዋሉ ባለሕንፃዎችን ሲያስጠነቅቅ ሰምተናል። ማስጠንቀቂያው በመጣ ሰሞን ዕቃው ይነሳል፤ ሰሞኑ ሲያልፍ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ሒሳቡ ግልጽ ነው። መጋዘን ከመኪና ይበልጥ ይከፍላል። ለጣሰው ሰው ቅጣቱ ከትርፉ ካነሰ ይጥሳል። ባለሕንፃው ያተርፋል፤ ወጪውን የሚሸከመው ተከራይና መንገደኛ ነው።

የራሱ ቦታ ያለው አፓርታማ ሲገኝ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ቤቱ የአንድ ሰው፣ የፓርኪንግ ቦታው የሌላ ሰው ሆኖ ታገኙታላችሁ። ባለቤቱ ቦታውን ለብቻው ሸጦታል ወይም ለጎረቤት አከራይቶታል። ማስታወቂያው ግን አልተለወጠም፤ አሁንም «ቤዝመንት ፓርኪንግ ያለው» ይላል። አለው፤ ለእናንተ ግን አይደለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

መኪናው ኤሌክትሪክ ሆነ፣ ሶኬቱ ግን 4ኛ ፎቅ ነው

በጥር 2016 ዓ.ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አሳወቀ። ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ሲታይ ውሳኔው ምክንያት አለው። በዚህ አልከራከርም።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የነዳጅ መኪና መንገድ ላይ ቢያድርም ጠዋት ማደያ ሄዶ ይሞላል። የኤሌክትሪክ መኪና በአብዛኛው የሚሞላው ሌሊት ባደረበት ነው። ማደሪያ የሌለው የኤሌክትሪክ መኪና ማደያ እንደሌለው የነዳጅ መኪና ነው። የተከራዩ ቆጣሪ ያለው 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። መኪናው ያለው ምድር ላይ ነው፤ ያውም ዕድል ከቀናው። ከመስኮት ገመድ አውርዶ ቻርጅ ያድርግ? ዝናብ ቢመጣ፣ ልጅ ቢነካው ማን ይጠየቃል? ከጋራው መብራት ይሳብ? ጎረቤቶች ሊፈቅዱ አይችሉም፤ መብታቸውም ነው።

ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና ፖሊሲው ሳይታወቀው የባለግቢዎች ፖሊሲ ሆኗል። የራሱ ግቢና የራሱ ሶኬት ያለው ሰው በርካሽ ይነዳል። ተከራዩ ገንዘብ አጠራቅሞ መኪናውን ቢገዛ እንኳን የሚሰካበት የለውም። ተከራይ መኪና ሲያስገባ እንደ ባለቤት እኩል ግብር ይከፍላል፤ በየዓመቱም እኩል ቦሎ ያድሳል። መንግሥት መኪናውን በር ላይ ተቀብሎ ይቀርጣል፤ የት ታድራለህ ብሎ ግን አይጠይቅም።

ይህን የሚጠይቅ አገር አለ። ጃፓን ውስጥ በ1962 እ.ኤ.አ በወጣ ሕግ መሠረት፣ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል መኪና ለማስመዝገብ የማቆሚያ ቦታ እንዳለህ ማስረጃ ማቅረብ አለብህ። ቦታው ከመኖሪያህ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ መሆን አለበት። ፖሊስ ይህን አረጋግጦ ነው ወረቀት የሚሰጠው። መንገድ ላይ ማሳደር ክልክል ነው። ሰፈራችንን የሞላችው ቪትዝ ስሟን ያገኘችው ከጃፓን ገበያ ነው። እህቶቿ እዚያ ማደሪያ አላቸው፤ የእኛዋ ደግሞ ቱቦ ዳር ታድራለች። የጃፓንን ሕግ እንዳለ እንገልብጥ አልልም። ነገ ቢታወጅ ተከራዩን በሙሉ ከመኪና ያስወጣል። ከእነሱ የምንማረው መኪና ሌሊት የሆነ ቦታ እንደሚተኛ፣ ያ ቦታም በወረቀት መታወቅ እንዳለበት ነው።

«ከተማው ፓርኪንግ እየሠራ አይደል?» የሚል ይኖራል። እየሠራ ነው። በመስቀል አደባባይ ሥር ያለው 1,400 መኪና እንዲይዝ ተደርጎ ተሠርቷል። በኮሪደር ልማቱም አዳዲስ ማቆሚያዎች ተጨምረዋል። እነዚህ ግን በአመዛኙ የቀን ጉዳይ ይፈታሉ፤ ሥራ፣ ገበያ፣ ስብሰባ። የተከራይ ጥያቄ የሌሊት ጥያቄ ነው። የካ አባዶ የሚኖር ሰው መኪናውን መስቀል አደባባይ አሳድሮ በምን ወደ ቤቱ ይመለስ? ያውም በኮሪደሮቹ ዳር መንገድ ላይ ማቆም እየተከለከለ ሲሄድ፣ ድሮ እዚያ ያድር የነበረው መኪና ወደ ውስጥ ሰፈር ነው የሚገባው። ዋናው መንገድ ሲጠራ ቅያሱ ይታጨቃል።

ለአከራዩም ፍርድ እንስጥ

አከራይን ሁሉ ቀማኛ ማድረግ ቀላል ነው፤ እውነት ግን አይደለም። አንድ መኪና ለመቆም ብቻ 2.5 ሜትር በ5 ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ 12.5 ካሬ ሜትር ማለት ነው። በዚህች ከተማ ቤተሰብ በዚያ ስፋት ክፍል ውስጥ ይኖራል። አከራዩ ያን ቦታ ቢገነባበት ሰርቪስ ቤት ያከራይበታል። ስለዚህ የማደሪያ ቦታ በነፃ ይሁን አልልም። በነፃ ቢሆን መኪና የሌለው ተከራይ የባለመኪናውን ወጪ ይከፍላል፤ ይህም ፍትሕ አይደለም።

ኮሚቴዎችም ቢሆኑ የሌለ ቦታ ከየት ያምጡ? ሃያ ቦታ ለአርባ መኪና በማንም ደንብ አይበቃም።

የምለው ሌላ ነው። ዋጋ ካለው ይጻፍ። ከተጻፈ ኪራይ ነው፤ ኪራይ ከሆነ ቁጥጥሩ ይመለከተዋል። የማይበቃ ከሆነም የማይበቃ መሆኑ ከቀብድ በፊት ይነገር። ተከራይን የሚያስመርረው ከዋጋው ይልቅ መታለሉ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

1. ወረዳዎች በሚመዘግቡት ውል ላይ አንድ አስገዳጅ መስመር ይግባ፦ የመኪና ማደሪያ አለ ወይስ የለም? ካለ የት፣ ለስንት መኪና፣ በስንት ብር? አዲስ አዋጅ አያስፈልገውም፤ የአሠራር ማሻሻያ ይበቃዋል።

2. ከቤቱ ጋር ለአንድ ተከራይ የሚከራይ ማደሪያ የኪራዩ አካል ተደርጎ ይቆጠር። ጭማሪውም፣ ቅድመ ክፍያውም፣ በባንክ መከፈሉም በአዋጁ መሠረት ይሁን። በውል ዘመኑ ውስጥ ማደሪያውን መንጠቅ ደግሞ ውል ማፍረስ ይባል።

3. የጋራ ሕንፃ ማኅበራት የፓርኪንግ ድርሻን ለቤቱ እንጂ ለባለቤቱ ስም አይስጡ። በቤቱ የሚኖር ይጠቀምበት። ቦታ ካልበቃ በዕጣ ወይም በተራ ይሁን። የሚሰበሰብ ብር ካለ ወደ ማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ በየሦስት ወሩ በብሎኩ መግቢያ ላይ ይለጠፍ። የአምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና መተላለፊያ በቀለም ይሰመር፤ እዚያ ላይ የቆመ ሰው ባለቤትም ይሁን ተከራይ ይነሳ።

4. የምድር ቤት ቁጥጥር ማታም ይካሄድ። በቀን ባዶ መሆኑ ምንም አያሳይም። ቅጣቱም ከመጋዘኑ ኪራይ ይበልጥ፤ ያነሰ ቅጣት ፈቃድ ነው።

5. ማታ ባዶ የሚሆኑ የመሥሪያ ቤት፣ የገበያ ማዕከልና የትምህርት ቤት ግቢዎች በየሰፈሩ አሉ። ወረዳው አደራዳሪ ሆኖ፣ በደረሰኝና በኃላፊነት ውል፣ ለአካባቢው ነዋሪ በወር ኪራይ ለሌሊት ይከፈቱ። ግቢው ገቢ ያገኛል፣ ሰፈሩ ይተነፍሳል።

6. አዲስ ለሚሠራ የመኖሪያ ሕንፃ ፓርኪንግ ውስጥ ከቤቱ ቆጣሪ ጋር የሚገናኝ ሶኬት የፈቃድ ግዴታ ይሁን። የኤሌክትሪክ መኪና ግዙ ያለ መንግሥት የት እንሰካው ለሚለው መልስ አለበት።

ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ተከራዮች ራሳችንን እንጠብቅ። ቤት ስታዩ በቀን አታጠናቅቁ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተመልሳችሁ ግቢውን እዩት። ደላላውን ሳይሆን እዚያው የሚኖር ተከራይ ጠይቁ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ከቀብድ በፊት ኮሚቴውን አነጋግሩ፤ ባለቤቱ የፓርኪንግ ድርሻውን ለእናንተ ማስተላለፉን በጽሑፍ ይስጥ። «መኪና ያስገባል» ላላችሁ አከራይ «ያሳድራልስ ወይ?» በሉት። ያሳድራል ካለ ውሉ ላይ ያስፍረው። «እሱ በቃል ይበቃል» ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

አከራዮችም ብትሆኑ በዚህ አትጎዱም። የተጻፈ ነገር ጠብ አያስነሳም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በራችሁ የሚንኳኳው ያልተጻፈው ነው።

መንግሥት የቤት ኪራይን ለመቆጣጠር ቆርጦ ከተነሳ ከደጃፉ ላይ አይመለስ። የተከራይ ኑሮ በሩ ጋር አይቆምም፤ ደረጃውን ወርዶ ግቢው ውስጥ ይቀጥላል። ሕጉም አብሮት ይውረድ።

እናንተ ጋር «መኪና ያስገባል» የትኛው ትርጉም ነው? አራቱን ዘርዝሬያለሁ፤ አምስተኛ ያገኛችሁ በአስተያየት መስጫው ላይ አስፍሩልን። ጽሑፉን ቤት እየፈለገ ላለ ወዳጃችሁ አጋሩት፤ ቀብድ ከመስጠቱ በፊት ይድረሰው።

ቸር እንሰንብት።